ውሃ ሳይነካቸው የጠቆሩት

ይህን ስነግራችሁ "ፈጠርከው" የሚለኝ አይጠፋም። ይበል። እኔ የማወራው በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ነው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ክፍሉን ፀሐይ ሞልቶታል።

የምሠራው የባትሪ ፋብሪካ ፍሳሽ በሚጣራበት ቦታ ነው። ረጅም የመስታወት ቱቦ አለን፤ ውስጡ ሩዝ በሚያካክሉ ነጫጭ፣ ፕላስቲክ መሰል የፖሊመር ቅንጣቶች የተሞላ ነው። ቆሻሻው ውሃ ከላይ ሲገባ፣ ቅንጣቶቹ እርሳስ የሚባለውን መርዛማ ብረት ይዘው ያስቀሩታል። ሲይዙ ይጠቁራሉ። ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች።

ያን ቀን ፓምፑ ተበላሽቶ ጠብታ ውሃ አልነበረም። ቅንጣቶቹንም ገና መቀየራችን ነው።

"ዝምታ" ጠራኝ። ባልደረባዬን ዝምታ የምንለው አፉ አርፎ ስለማያውቅ ነው።

"ቫልቩን ከፍተኸዋል እንዴ?" አለኝ በሹክሹክታ።

እሱ ሲያንሾካሹክ ሰምቼ አላውቅም።

"አልከፈትኩም።"

"ታዲያ ይሄ ምንድነው?"

ቅንጣቶቹ ጠቁረዋል... ከላይ ግን አይደለም። በጎን ነው። እኔ በቆምኩበት በኩል።

ወደ ግራ ሄድኩ።

ጥቁሩም ቀስ እያለ... ወደ ግራ መጣ።

"እስቲ አንተ ቁም" ብዬው በር ድረስ ሸሸሁ። ቆመ። ቱቦው መልሶ ነጣ።

"አንተ... በፊት እርሳስ ማቅለጫው ጋ አልነበር የምትሠራው?" አለኝ።

"እና?"

"እናማ... ከደምህ ውስጥ አሽትተውት ቢሆንስ?"

"ዝም በል!"

ዝም አለ። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራ እንዴት ይያዝልኝ? ቁጭ ብድግ አልኩ። እጄን ታጠብኩ፤ ደግሜ ታጠብኩ። በመጨረሻ አዲስ ቅንጣቶች በትንሽ ጠርሙስ ሞልቼ፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ ወደ ቤት ይዤ ሄድኩ። ብቻዬን ላረጋግጥ ብዬ።

ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

በእኔ በኩል... ጠቆረ።

"ምንድነው እሱ?" አለች ባለቤቴ።

"የሥራ ነው።"

"የእርሳስ ብናኝ ይይዛል ብለው የሥራ ልብስህን እዚያው አውልቅ አላሉህም? ዛሬም ለብሰኸው መጣህ?"

እውነቷን ነው። ግን ሻወሩ ጋ ሰልፍ አለ፤ ልጄ ደግሞ በር ላይ ትጠብቀኛለች። ዘላ አንገቴ ላይ ስትጠመጠም፣ ፊቷን ልብሴ ውስጥ ስትቀብር ድካሜ ሁሉ ይጠፋል። በየቀኑ እንዲያ ነው የምንገናኘው።

ጎንበስ ብዬ ልብሴን አየሁት።

ቀና ስል ጠርሙሱ በእኔ በኩል ነጥቷል።

ጥቁሩ ከወዲያ ማዶ ሄዷል... ከቅድሙ እጥፍ ሆኖ።

ከወዲያ ማዶ ልጄ ቆማለች።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። እኔ ግን ስፈራ የቆየሁት ለራሴ ነበር።

"አትንኪው!" አልኩ። ዘገየሁ።

ትንሽ መዳፏን መስታወቱ ላይ ለጠፈች።

"አባዬ... ያዘኝ።"

ተወርውሬ አፈፍ አደረግኳት። ደረቴ ላይ አስጠግቼ ጥብቅ አድርጌ አቀፍኳት።

"በዚያ ልብስ አትቀፋት!" ብላ እናቷ ጮኸች።

ልቀቃት ብል እጄ እምቢ አለኝ።

ጠርሙሱ ላይ የትንሽ እጅ ቅርጽ ጠቁሮ ቀርቷል፤ አምስቱም ጣቶች ተዘርግተው። ክዳኑ ዝግ ነው። አሁን የሚነካው ማንም የለም።

ጣቶቹ ቀስ ብለው... አንድ በአንድ ታጠፉ።