ሦስት ጊዜ «ኔ»

መጀመሪያ የመጣው ትውከቱ ነው። ወርቁ የጠፋው ከዚያ በኋላ ነው።

እማማ ዶንካ መዝናኛ ፓርኩ ውስጥ፣ ሰውን በሐዲድ ሽቅብ ቁልቁል ከሚያከንፈው፣ «ዘንዶው» ከሚባለው ሮለር ኮስተር መውጫ አጠገብ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ነበር። ድንገት ከኋላቸው አንድ ወፍራም ነገር ማጅራታቸው ላይ ተደፋ። ፍርፋሪ አለበት። በሻሻቸው ስር ሾልኮ በጀርባቸው ቁልቁል ወረደ። አጠገባቸው የነበረው ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ተበተነ። ማን እንዳደረገው ዞሮ ያየ የለም። እዚያ ቦታ ትውከት ብርቅ አይደለም፤ ከዘንዶው ከሚወርዱት አንዱ በየሩብ ሰዓቱ ሆዱን ይገለብጣል።

ፎጣ ይዞ የደረሰላቸው ሰው ነበር። ቦርሳቸውን የያዘላቸውም ነበር። ተጠራርገው እፎይ ሲሉ አንገታቸውን ዳበሱ። ክሩ የለም። ክሩ ላይ የተንጠለጠለው ፔንዳርም የለም። ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ሙሽራ ሁሉ አንገቷ ላይ ያሰረችው፣ መዳፍ የሚሞላ ክብ ወርቅ ነው። ነገ ተሰሎንቄ ለምታገባው የልጅ ልጃቸው ሊያስሩላት ይዘውት መጥተው ነበር።

ያን ጊዜ የጮኹት ጩኸት ዘንዶው ላይ ከተሰቀሉት ሰዎች ጩኸት በልጦ ተሰማ።

ኔደልቾ ጩኸቱን ሲሰማ የሚስቱን ቦርሳ ታቅፎ ጥላ ስር ቆሞ ነበር። ሳንዳንስኪ በምትባል የቡልጋሪያ ከተማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ወንጀል መርምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እማማ ዶንካ ካሉበት የጎብኚዎች አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ድንበር ተሻግሮ ግሪክ የመጣው በገዛ ፈቃዱ አይደለም። ሚስቱ ራይና በስልሳ ዓመቷ የሮለር ኮስተር ፍቅር ይዟታል፤ ዛሬ ብቻ ዘንዶው ላይ አምስተኛዋ ነው። እሱን ግን ቦታው ከስር እስከ ጫፉ ቀፎታል። መሬቱ በፈሰሰ ስኳር ጫማ ይይዛል። አየሩ የተቃጠለ ዘይትና የሰው ላብ ይሸታል። ሰው ለማስታወክ ተሰልፎ ሲጠብቅ ማየት አንገሸገሸው።

«ከተማ የሚያክል ሕዝብ ተነስቶ!» አለ ለራሱ። «አንጀቱን ሊገለብጥ!»

ወደ ጥበቃው ክፍል ሲደርስ ነገሩ ያለቀ መሰለ። የጥበቃው ሹም ፋኑሪስ ይባላል፤ ከቀርጤስ ደሴት ከመጣ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። ኔደልቾ ድንበር ላይ የለቃቀማትን ግሪክኛ ይዞ ተጠጋው።

«ሌባውን ይዘናል» አለ ፋኑሪስ። «የሴትዮዋ ቦርሳ እጁ ላይ ነበር።»

«ወርቁስ?»

«አልተገኘበትም። ለግብረ አበሩ አቀብሎታል። አስራ አንድ ሰዓት ላይ የከተማው ፖሊስ መጥቶ ይረከበዋል። እነሱ ያናግሩታል።»

ኔደልቾ በመስታወቱ በኩል ወደ ውስጠኛው ክፍል አየ። የተያዘው የአውቶቡሳቸው ሹፌር ቬሊን ነው። ኔደልቾን አልገረመውም። ከአስራ ሁለት ዓመት በፊት ይህንኑ ልጅ የመኪና ሬዲዮ ሲሰርቅ እጅ ከፍንጅ ይዞ ወህኒ ያወረደው እሱ ራሱ ነው። ጠዋት መሪ ላይ ተቀምጦ ሲያየው ደሙ ፈልቶ ለራይና «ይሄ እኮ ሌባ ነው! እኔ ነኝ ያሰርኩት!» ብሏት ነበር፤ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ። «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» አለ አሁንም በሆዱ።

ፋኑሪስን አስፈቅዶ ገባና ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ነው።

«የት አደረግኸው?»

«ምኑን ጋሼ?»

«አታድክመኝ። እኔና አንተ እንተዋወቃለን።»

«መተዋወቅማ እንተዋወቃለን» አለ ቬሊን። «ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የሰው መርፌ እንኳ አላነሳሁም። እማማ ዶንካ ራሳቸው ናቸው ‹ልጄ፣ ቦርሳዬን ያዝልኝ› ያሉኝ። ዛሬ ከታሰርኩ አለቀልኝ። መንጃ ፈቃዴም፣ እንጀራዬም ሄደ። ዳግመኛ የመኪና ቁልፍ የሚያስጨብጠኝ ሰው የለም።»

«ማን አስታወከባቸው?»

«አላየሁም። እኔ ስደርስ ካሜሊያ እየጠረገቻቸው ነበር።»

ካሜሊያ አስጎብኚያቸው ናት። ግሪክኛዋ እንደ ውሃ ይፈሳል። ሠላሳ ምናምን የሆናት፣ ድምጿ እምብዛም የማይሰማ ሴት ናት። አውቶቡሱ ውስጥ ማይክሮፎኑም፣ ባልዲውም፣ የማስታወኪያ ከረጢቱም በእሷ እጅ ነው። ጠዋት ኩርባው ላይ የጥርስ ሐኪሙ ፕላመን ሆዱ ሲታወክ፣ ኔደልቾ ራሱ «አንቺ ልጅ፣ ከረጢት!» ብሎ ጮኾባታል።

እማማ ዶንካ በረንዳው ላይ ሰው ባዋሳቸው ሸሚዝ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። የተበላሸው ሻሻቸው እግራቸው ስር ተጠቅልሎ ወድቋል። ኔደልቾ በሁለት ጣቱ አነሳው። ሊያሸተው መሆኑን ሲያውቅ ፊቱን አዞረ። ግን አሸተተው።

ጎምዘዝ፣ ጣፈጥ ይላል። ሐሞት ግን የለበትም። ሠላሳ ዓመት ሬሳና ሰካራም ያሸተተ አፍንጫ እዚህ ላይ አይሳሳትም።

«እማማ፣ ሲደፋብዎት ሞቅ ይል ነበር?»

«ምን ሞቅ ይላል! በረዶ ነው እንጂ! ጀርባዬ ነው የደነዘዘው!»

ከሰው ሆድ የወጣ ነገር በረዶ አይሆንም። ኔደልቾ በድጋሚ አሸተተ። አወቀው። ቦዛ ነው። ከማሽላ የሚጠመቀው፣ በአገሩ ጠዋት ጠዋት ከአይብ ጥቅልል ጋር የሚጠጡት ወፍራም ቦዛ። ፍርፋሪውም የጥቅልሉ ነው። አንድ ሰው ሁለቱን በጥብጦ ትውከት አስመስሎታል።

ይህ ግን ቬሊንን አላዳነውም። እንዲያውም ገደለው። እዚህ ፓርክ ውስጥ ቦዛ የሚሸጥ የለም። ቦዛ ያለው አውቶቡሳቸው የበረዶ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው። ሌባው ከሳንዳንስኪ አብሯቸው የመጣ ሰው ነው ማለት ነው። የአውቶቡሱ ቁልፍ ደግሞ ያለው በሁለት ሰው እጅ ነው፤ በቬሊንና በካሜሊያ።

በካሜሊያ ላይ ሐሳቡ አልቆመም። የሌላውን ሰው ትውከት በባዶ እጇ የምትጠርግ ሴት ምን ትጠረጠራለች? ኔደልቾ በሐሳቡ አልፏት ሄደ።

ራይና ከዘንዶው ወርዳ ጸጉሯ ቆሞ መጣች።

«ምነው ፊትህ? የተሰቀልኩት እኔ፣ የገረጣኸው አንተ?»

«ሹፌሩ ነው የሰረቀው።»

«አየኸው?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ጠዋት የወሰንከውን ነዋ አሁን የምትነግረኝ» አለችና ቦርሳዋን ነጠቀችው።

አስር ሰዓት ሆነ። ኔደልቾ የቦዛውን ነገር ሊነግረው ወደ ፋኑሪስ ተመለሰ። ፋኑሪስ ቡናውን እየጠጣ በእጁ አቋረጠው።

«ወንድሜ፣ አይድከሙ። ሴትዮዋ መስክራበታለች። በመስታወቱ በኩል ጠቆምኩላትና ‹ሰውዬው ይሄ ነው?› ብዬ ጠየቅኋት። አስተርጓሚ እንኳ አላስፈለገኝም። ራሷ በግሪክኛ መለሰችልኝ።»

«በምን?»

«በግሪክኛ!»

እማማ ዶንካ የተራራ ላይ መንደር ሴት ናቸው። ድንበር ሲሻገሩ የዛሬው የመጀመሪያቸው ነው። ግሪክኛ ከየት አመጡ?

«ምን አለችህ? ቃሉን ንገረኝ።»

«‹ኔ!› አለቻ። ‹ኔ! ኔ! ኔ!› ሦስት ጊዜ። እያለቀሰች።»

ኔደልቾ የወንበሩን ጀርባ ያዘ።

«ኔ» በግሪክኛ «አዎ» ነው። «ኔ» በቡልጋርኛ «አይደለም» ነው።

አሮጊቷ በሙሉ ድምፃቸው፣ እንባቸውን እያፈሰሱ፣ «አይደለም! አይደለም! አይደለም!» ብለዋል። ፋኑሪስም «አዎ! አዎ! አዎ!» ብሎ ሰምቷል። ድንበር ላይ የኖረ ሰው ሁሉ በዚህ ቃል ሲቀልድ ነው ያደገው። ደሴት ላይ ያደገ ሰው ግን ከየት ይሰማዋል?

ወደ በረንዳው ሮጦ ወጣ።

«እማማ! ጥበቃው ሲጠይቅዎት ማን አጠገብዎት ነበር?»

«ካሜሊያ ናታ። እጄን ይዛኝ ነበር። አይዞዎት ትለኝ ነበር።»

«‹ኔ› ሲሉ ምን አለች?»

«ምንም አላለች። ዝም ብላ እጄን ጨበጥ አደረገችኝ። ምነው፣ ነገርኳቸው እኮ! እሱ አይደለም አልኳቸው!»

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። የካሜሊያ ዝምታ እውነትም ወርቅ ነበር።

ኔደልቾ ስርቆት ያውቃል። ሰው ይሰርቃል። የአሮጊት እጅ ይዞ፣ አሮጊቷ ያላሉትን «አሉ» ሲባል እየሰሙ ዝም ማለት ግን ሰቀጠጠው።

ፋኑሪስንና ካሜሊያን ይዞ ወደ አውቶቡሱ ሄደ። በሩ በፀሐይ ግሏል። ካሜሊያ በቁልፏ ከፈተችው።

«ጋሼ፣ ምን ፈልገው ነው?»

«እዚህ ገብተሽ ነበር?»

«ለእማማ ዶንካ ፎጣ ልጨምርላቸው።»

ኔደልቾ በመቀመጫዎቹ መሃል በዝግታ አለፈ። በየወንበሩ ጀርባ ባዶ የማስታወኪያ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ሁሉም ንጹሕ ናቸው። የአስጎብኚዋ ወንበር ስር ግን አንድ ሙሉ ከረጢት፣ አፉ ተጠቅልሎ፣ ቆሟል።

«ይሄ የማን ነው?»

«የፕላመን ነው። የጠዋቱ። አይንኩት ጋሼ፣ ይቀፋል።»

«የፕላመንን ጠዋት ስንደርስ በር ላይ ካለው ቆሻሻ መጣያ ስትጥይው አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ አውቶቡሱ ተቆልፎ ነበር። ይሄ የማን ነው?»

ፋኑሪስ አፍንጫውን ሸፍኖ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ልጅቷ የተማመነችው ይህንኑ ነው። ማንም ሰው እዚያ ውስጥ እጁን አይከትም።

ኔደልቾ እጅጌውን ሰበሰበ። ቦዛ መሆኑን ያውቃል፤ ሆዱ ግን አላመነውም። ጣቶቹ ወፍራሙ ፈሳሽ ውስጥ ሰመጡ። ታች አንድ ክብ ጠንካራ ነገር ነካ። አወጣው። ቦዛው ከወርቁ ላይ እየተዝለገለገ ወረደ። ከኋላ ደፍታ፣ ፎጣ ይዛ ደርሳ፣ ስትጠርግ ክሩን የፈታችው እሷ ናት።

ካሜሊያ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«ስለ ቬሊን አንድ ቃል አልዋሸሁም» አለች። «አልጠየቁኝም።»

«ልጁ ሊታሰር ነበር!»

«እሱ የለመደው ነገር ነው። እርስዎ ራስዎ አይደሉ ጠዋት አውቶቡሱ ሁሉ እስኪሰማ ‹ሌባ ነው› ያሉት? ማንም እንደማይጠራጠረኝ ያወቅሁት ያኔ ነው።» ቀና ብላ አየችው። «ሃያ ሰባት ቅዳሜ እዚህ መጥቻለሁ። ሃያ ሰባት ቅዳሜ የእናንተን ትውከት ጠርጌያለሁ። ከዚህ አውቶቡስ ውስጥ በስሜ ጠርቶኝ የሚያውቅ አለ? ‹አንቺ ልጅ፣ ከረጢት!› አሮጊቷ ወርቃቸውን ለሁሉም ሲያሳዩ ለእኔ አላሳዩኝም። ባልዲ ይዤ ነበራ። ‹እጅሽ ቆሽሿል፣ አትንኪው› አሉኝ።»

ኔደልቾ ወርቁን ለፋኑሪስ ሊያቀብል ዘረጋ፤ እጁ እስከ ክርኑ ቆሽሿል።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ የመጣው ፖሊስ የወሰደው ካሜሊያን ነው። ከመሄዷ በፊት ፋኑሪስ ፊቱ ቀልቶ እማማ ዶንካን ድጋሚ ጠየቀ፤ ወደ ቬሊን እየጠቆመ። ኔደልቾ የግሪኮቹን «አይደለም» አስቀድሞ በጆሯቸው ነግሯቸዋል።

«ኦሂ!» አሉ እማማ ዶንካ በግሪክኛ፣ እግራቸውን መሬት ላይ እየመቱ። «ኦሂ! ኦሂ! ኦሂ!» ከዚያም ተንጠራርተው ቬሊንን ግንባሩን ሳሙት።

እማማ ዶንካን ተሰሎንቄ አውርደው ወደ ድንበሩ አቀኑ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። አውቶቡሱ ውስጥ ወሬው የካሜሊያ ነው። ከሁሉም የሚጮኸው የጥርስ ሐኪሙ ፕላመን ነው።

«ቆሻሻ! ድሮም አይኗ አላማረኝም! እንዲህ ዓይነቷን ማሰር ብቻ ሳይሆን...»

ኩርባው ላይ ሲደርሱ ወሬው ተቋረጠ። ፕላመን ወደ ፊት ታጠፈና መተላለፊያው ላይ አስታወከ። ይሄኛው እውነተኛ ነው። ሽታው ወንበር ለወንበር እየዞረ ደረሰ።

ሁሉም አፍንጫውን ያዘ። ሁሉም ባንድነት ወደ ፊት፣ ወደ አስጎብኚዋ ወንበር አየ። ወንበሩ ባዶ ነው። የሚነሳ ሰው ጠፋ። ራይና ባሏን አየችው።

ኔደልቾ ተነስቶ ባልዲውን አነሳና የሚጠርግበት ነገር ፈለገ።

ቬሊን በመስታወቱ አየው።

«ፎጣው ከእኔ ወንበር ጀርባ ነው፣ ጋሼ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ቬሊን» አለ ኔደልቾ፤ አጎነበሰና መጥረግ ጀመረ።