ውጭ ያደረ ዘይት

ሟቹ ጠዋት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነበር የተገኘው። ግንባሩ ጠረጴዛው ላይ አርፏል፤ በአንድ በኩል ግማሽ ብርጭቆ ውሃ፣ በሌላው የክኒን ሳጥኑ ክፍት ሆኖ ተቀምጧል። ዕድሜውን ሙሉ ዘርና ማር፣ ዘይትና ቫይታሚን ሲሸጥ፣ ደንበኛውን ሁሉ «ስኳር ተው፣ ውሃ ጠጣ» እያለ ሲጨቀጭቅ የኖረ ሰው፣ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጓዳ በገዛ እንክብሉ ሞተ። ቀልድ ይመስላል። የሳቀ ግን አልነበረም።

በማግስቱ ማለዳ መርማሪዋ በዚያችው ጓዳ ውስጥ ከማቀዝቀዣው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ ትመላለሳለች። ነገር ሲከነክናት መቀመጥ አይሆንላትም። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ እሷን በዐይኑ መከተል ሰለቸው።

«ነገሩ ያለቀለት አይደለም እንዴ?» አላት። «ሐኪሙ ነግሮናል። እንክብሉ ውስጥ በነጭ ሽንኩርት ዱቄት ፈንታ የተፈጨ የልብ መድኃኒት ነው የተገኘው። ሳጥኑን በየማታው የምትሞላው ደግሞ የእህቱ ልጅ ናት። ልውሰዳት?»

«እስከ እኩለ ቀን ታገሠኝ። ከዚያ ውሰዳት።»

ልጅቷ ከበሩ ውጭ ሆና ይህን ሰምታለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓት ሁለቱ አጎቶቿ ናቸው፤ አንዱ ሟቹ፣ ሌላው በግቢው ውስጥ ዘይት የሚጨምቀው ታናሽየው። መርማሪዋ ጠርታ አስገባቻት።

«ከመሞቱ በፊት ባለው ማታ የሠራሽውን ሁሉ ንገሪኝ።»

«ሳጥኑን ሞላሁ። የተልባ ዘይቱን ጠርሙስ አጥቤ፣ አዲስ ዘይት ቀድቼ፣ በጨርቅ ጥርግ አድርጌ ወለወልኩት። ትልቁ አጎቴ ቀድሞ ፎቅ ወጥቶ ተኝቷል። ስቸኩል ጠርሙሱን መስኮቱ ላይ ረስቼው ሄድኩ። የማድረው ጓደኛዬ ጋ ነው፤ እዚያ ከደረስኩ በኋላ ትዝ ብሎኝ እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም።»

«ለአንድ ጠርሙስ?»

«አጎቴን ስለማያውቁት ነው። የተልባ ዘይት ብርሃንና ሙቀት አይወድም ይላል። ከማቀዝቀዣ ውጭ ያደረ ከሆነ እዚያው ይደፋዋል፤ ልመና የለ፣ ምን የለ። ጠዋት ቢያገኘው ጉዴ ፈልቶ ነበር።» እንባዋ መጣ። «ምነው አግኝቶት በተቆጣኝ።»

መርማሪዋ ወደ መስኮቱ ሄደች። አቧራው ላይ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል ክብ አለ፤ ጠርሙሱ ግን የለም። ማቀዝቀዣውን ከፈተች። ሙሉው ጠርሙስ ከበስተኋላ፣ ብርሃን እንዳያገኘው በጥቁር ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«የከተትሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ተመልሼ አልመጣሁም። አስከሬኑን ያገኘችውም ባለቤቱ ናት።»

መርማሪዋ ባለቤቱን ኩሽና ውስጥ፣ ቁርሷ ሳይነካ ፊቷ እንደተቀመጠ አገኘቻት።

«የልብ መድኃኒቴ እዚህ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ቤተኛው ሁሉ ያውቀዋል» አለች። «ማቀዝቀዣውን እንደሆነ እኔ አልነካውም፣ የዚያ ዘይት ሽታ ያቅለሸልሸኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ዘር ሲያስቆረጥመኝ ኖረ። አሁንስ ማን ይጨቀጭቀኛል?» ሳህኑን ከፊቷ ገፋችው።

ዘይት ጨማቂው ከግቢው ማዶ፣ ከመጭመቂያው አጠገብ ቆሞ ነበር። የመጭመቂያው ብሎኖች ላልተዋል።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ወንድሜ ሊያስነቅለው ነበር። ከፋብሪካ የታሸገ እንክብል ይሻላል አለ። ከብረታ ብረት ሰብሳቢ ጋር ተነጋግሮ ነበር።» ከማሽኑ አፍ የተንጠለጠለች ጠብታ አየና በጣቱ ጠርጎ ማሰሮው ውስጥ መለሳት።

«ያን ሌሊት ጓዳው ገብተው ነበር?»

«ጠዋት ጩኸት እስክሰማ ድረስ ከዚህ ንቅንቅ አላልኩም። ገብቼ ከሆነ ዐይኔን ግንባር ያድርገው።»

ፀሐይ ጓዳው ውስጥ ስትገባ መርማሪዋ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው። በእጇ ከሱቁ ያመጣችው ሌላ ሙሉ የተልባ ዘይት ጠርሙስ ይዛለች። ፀሐዩ ላይ፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችውና መናገር ጀመረች። ስለ መሳቢያው፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ሐኪሙ ሐተታዋን አረዘመችው፤ የተናገረችውን ደግማ ተናገረችው። ባለቤቱ ወለሉን ታያለች። ልጅቷ የፖሊሱን ካቴና ታያለች። ጨማቂው አንዴ መርማሪዋን አንዴ መስኮቱን ያያል፤ ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል።

«...እንግዲህ ሳጥኑን የሞላችው ይህች ልጅ ከሆነች» እያለች ሳለ ጨማቂው ብድግ አለ። ሄዶ ጠርሙሱን ከፀሐዩ አነሣና ጥላ ውስጥ፣ ከጠረጴዛው ሥር አኖረው። ከተቀመጠ በኋላ ነው ሰው ሁሉ እያየው መሆኑን ያወቀው።

«ያን ማታም እንዲሁ አደረጉ» አለች መርማሪዋ። ለመጀመሪያ ጊዜ እግሯ ቆመ። «ልጅቷ ከወጣች በኋላ እንክብሎቹን ሊለውጡ ገቡ። ጠርሙሱ መስኮቱ ላይ ነበር። ሰው ሊገድል የመጣ ሰው ስለ ዘይት ምን ገዶት? እርስዎን ግን ገደደዎት። በእጅዎ የጨመቁት ነውና ጠቅልለው ከተቱት።»

«ወንድሜ ራሱ ከትቶት ቢሆንስ?»

«ወንድምዎ ውጭ ያደረ ዘይት ይደፋ ነበር እንጂ አያስቀምጥም። ባለቤቱ ማቀዝቀዣውን አትነካም። ልጅቷ ከትታው ቢሆን ኖሮ ረሳሁት ብላ ጥፋቱን በራሷ ላይ ምን አስለፈለፋት? ለዚያውም ጠርሙሱን ወልውላው ነበር የሄደችው። ትናንት ከጠርሙሱ ላይ ያነሣነው አሻራ የእሷ አይደለም፤ ዛሬ የእርስዎን እንወስዳለን።»

ጨማቂው ዘይት የጠገቡ እጆቹን አገላብጦ አየ።

«ብረት ነው አለኝ» አለ በመጨረሻ። «እንጀራዬን፣ ዕድሜዬን፣ ብረት ነው ይሸጥ አለኝ።»

«እኔ ልታሰር ነበር እኮ፣ አጎቴ» አለች ልጅቷ።

«ልጅ ናት፣ ይለቋታል ብዬ...» አልጨረሰውም።

ፖሊሱ ክንዱን ይዞት በሩ ጋ ሲደርሱ ጨማቂው ወደ ኋላ ዞረ።

«እሱን ማቀዝቀዣ ውስጥ ክተቺው» አላት። «ይበላሻል።»

ልጅቷ ጠርሙሱን ከጠረጴዛው ሥር አነሣች። ወደ ማጠቢያው ሄዳ ክዳኑን ከፈተችና፣ እሱ በሩ ላይ ቆሞ እያየ፣ እስከ ጠብታው ደፋችው።