የብርሃኑ ስልክ የጋለበት ምሽት

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም፣ አሁንም አላምንም ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ቦሌ ሚካኤል ስልክ ስጠግን ዓመታት አልፈዋል፣ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ "ስልኬ ያለ ምክንያት ይግላል" ያለኝን ሰው ስቄ ነው የሸኘሁት። ያለ ምክንያት የሚግል ስልክ የለማ! አንዱ ቻርጅ ላይ ሰክቶ ትራስ ስር ይወሽቀውና ስብከት ሲያዳምጥ ያድራል፣ አንዷ ብርድ ልብስ የሚያህል ከቨር አልብሳው ፀሐይ ላይ ቆማ ላይቭ ትገባለች፣ ሌላው ከመንገድ ዳር በለቀመው ቻርጀር ይሰካና ሲግልበት "ተጠልፌያለሁ" ብሎ ይመጣል። አንዲት እናትማ የጋለ ስልካቸውን ጸበል ረጭተውበት አመጡልኝ፣ ጸበሉ በቻርጅ ቀዳዳው ገብቶ ውስጡን አበላሽቶታል፣ "እማማ፣ ጸበሉ ለእርስዎ ነው፣ ለስልኩ ማራገቢያ ይበቃዋል" ስላቸው ተቀይመው ሄዱ። እንግዲህ ይህን የምታወራችሁ ሴት እንዲህ ያለች ደረቅ ናት፣ እመኑኝ የምላችሁም ለዚህ ነው።

ብርሃኑ ሱቄ ፊት ለፊት መኪናውን እያቆመ ተሳፋሪ የሚጠብቅ ሹፌር ነበር፣ በስልክ ከሚጠሩት ታክሲዎች የአንዱ። ቤቱ ከሱቄ ጀርባ ነው፣ በዚያ ስልኩ የተነሳ ያልተጣላንበት ሳምንት የለም። ከመኪናው የፊት መስታወት ስር፣ አናት የምትበሳው ፀሐይ ላይ ይተክለዋል፣ ካርታው ተከፍቶ፣ ዳታው በርቶ፣ ቻርጅ ላይ ሆኖ፣ በዚያ ላይ ጥቁር የቆዳ ከቨር አለው፣ ከዚያ ቀትር ላይ "ሰኒ፣ ይኸው ደግሞ ጋለብኝ፣ ያለ ምክንያት" እያለ ይመጣል። እኔም እየጮኽኩበት ከቨሩን እገፍፋለሁ፣ ካርታውን እዘጋለሁ፣ ሴራሚኩ ወለል ላይ አስተኛውና ትንሿን ማራገቢያዬን አዞርበታለሁ። አንድ ቀን ጭራሽ ፍሪጅ ውስጥ ከትቶት አመጣው። "ከሙቀት ወደ ብርድ ስትወረውረው ያልበዋል እኮ፣ ላቡ ደግሞ የሚቀረው ውስጡ ነው!" ብዬ ስቆጣው ሳቀና "እናቴ ናት የመከረችኝ" አለኝ። እናቱ ደሴ ነው የሚኖሩት፣ ሲመሽ ይደውሉለታል፣ አንድም ማታ ዘለው አያውቁም።

ያ ብርሃኑ አትላስ አካባቢ ተሳፋሪ ሲጠብቅ መሪው ላይ ደፋ እንዳለ ቀረ። ልቡ ነው አሉ። የእኔ እኩያ ነው፣ ጠዋት ሰላም ብሎኝ ነበር የወጣው፣ ማመን አቃተኝ።

ጭንቁ ግን እናቱ ነበሩ። ወይዘሮ አስካለ በዚያው ሰሞን ዓይናቸውን ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው በፋሻ ተሸፍነው ነበር፣ ሐኪሙም እንባ እንዳይነካው ብሎ አጥብቆ አስጠንቅቋል፣ ካለቀሱ ዓይናቸው ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ቤተሰቡ መከረና ቁስሉ ትንሽ እስኪጠግግ ሦስት ቀን መርዶው ይቆይ ተባለ፣ ልጃቸው ሳይሰሙ ተቀበረ። ክፉ ነገር ነው፣ ግን ምን ይደረግ? ሁለት ማታ ሚስቱ ሂሩት ስልኩን እያነሳች "እየነዳ ነው፣ ተሳፋሪ ይዟል" አለቻቸው፣ ስትዘጋው ድምጿ እንዳይወጣ ትራስ ነክሳ ታለቅሳለች። በሦስተኛው ቀን የብርሃኑ ወንድም ተስፋዬ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ደሴ ወረደ፣ እዚያ አድረው እንደ ወጉ ጎህ ሲቀድ መርዶውን ሊነግሯቸው። ሊታለፍ የቀረው ያ አንድ ምሽት ብቻ ነበር።

ስልኩ እምቢ ያለውም በዚያው ምሽት ነው። ሊመሽ ሲል ሂሩት በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ይዛው መጣች፣ እንደ ትኩስ ድንች። ያልሰማ ዘመድ ሁሉ ሲደውልበት ውሏል፣ ፍራሽ ላይ፣ ቻርጅ ላይ፣ ያን የቆዳ ከቨር እንደለበሰ።

"ሰኒ፣ እየጋለ ይጠፋብኛል። እማዬ ሊደውሉ ነው። ዝግ ከሆነባቸው ያውቃሉ፣ ዝም ብለው ያውቃሉ። እኔ ደግሞ ዛሬ ድምፄም አይወጣ።"

"እኔ ጋ ተይው" አልኳት። "ሲደውሉ አነሳለሁ። ስልኩ ጋለበትና ጥገና አስገብቶታል፣ ነገ ይደውላል እላቸዋለሁ። የስልኩን አመል እንደሆነ ያውቃሉ።"

"ትችያለሽ?"

"እችላለሁ" አልኳት፣ ሆዴ ግን እንደማልችል ያውቅ ነበር።

እሷን ሸኝቼ በሩን ገርበብ አደረግኩና ሥራዬን ጀመርኩ። አጠፋሁት፣ ከቨሩን ገፈፍኩ፣ ሲም ካርዱን አውጥቼ ባለ ቁልፍ ትርፍ ስልኬ ውስጥ ከተትኩት። ልብ በሉልኝ፣ ከዚያ በኋላ ወይዘሮ አስካለ ቢደውሉ የሚጮኸው ትርፍ ስልኬ ነው፣ የብርሃኑ ስልክ ሲም የሌለው፣ የጠፋ፣ ባዶ ዕቃ ነው። ወለሉ ላይ አስተኝቼ ማራገቢያውን አዞርኩበት። ጠፍቶ ነፋስ የሚመታው ስልክ አንድ ሻይ ጠጥታችሁ ሳትጨርሱ ይቀዘቅዛል፣ ይህን ሺ ጊዜ አይቻለሁ። ሻዬን ጨርሼ ብነካው ግን ብሶበታል። ከዳበስኩት ከስልኩ አልፎ ዙሪያውን ያለው ሴራሚክ ራሱ ሞቋል።

በዚህ መሀል መብራት ሄደ። ማራገቢያው ቀስ እያለ ቆመ፣ ውጪ የጎረቤት ጄኔሬተር ተነሳ፣ እኔም የቻርጀር ካርቶን ክዳን ቀድጄ በእጄ ማራገብ ጀመርኩ፣ ትርፍ ስልኬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ። የሚደውሉበት ሰዓት ደረሰ፣ አልደወሉም። አለፈ፣ አሁንም አልደወሉም። እኒያ አንድ ማታ ዘለው የማያውቁ ሴት!

ከዚያ ትርርር የሚል ሰማሁ። መጀመሪያ ጄኔሬተሩ ነው አልኩ፣ ወለሉን በመዳፌ ስነካው ግን የሚንቀጠቀጠው ከስልኩ ስር ነው። አነሳሁት፣ ስክሪኑ ድቅድቅ ጥቁር ነው፣ ማብሪያውን ብጫነው ምንም የለም። እንዲያው ለማጣራት ጆሮዬ ላይ አስጠጋሁት። ያን አንዳንዴ ሰውየው ስልኩን አንስቶ ገና ሳይናገር የምትሰሙትን ዝምታ ታውቁታላችሁ? ባዶ ያልሆነ ዝምታ? እሱ ነበር። ከሩቅ ውሻ ጮኸ፣ ሰፈራችን ግን ፀጥ ብሏል። ከዚያ አንድ ሰው ሳለ፣ ሁለት ጊዜ፣ ደረቅ ያለ የአሮጊት ሳል።

ስልኩን ወለሉ ላይ ጣልኩት ማለት ይቀላል። እኔ ደግሞ ስፈራ ነው የምቆጣው፣ ብርሃኑ ላይ እንደምጮኸው ጮኽኩበት፦

"ተረጋጋ እንግዲህ! እናትህ ሲደውሉ ምን ልበላቸው?"

ድምፄን ስሰማ ራሴን ታዘብኩ፣ ለስልክ እንዲህ ይባላል? ባትሪው አብጦ እንዳይፈነዳ ልንቀለው ብዬ ባትሪ መብራቴን አበራሁ፣ እውነቱን ለመናገር ግን የፈራሁት ፍንዳታውን አልነበረም። የስልክ ጀርባ በሙጫ ነው የሚያያዘው፣ ሁልጊዜ በማሞቂያ ሳላሞቅ አይነሳልኝም፣ ያን ማታ ሙጫው ቀልጦ ስለነበር በጥፍሬ ብቻ ተነሳ። የባትሪውን ማያያዣ ፈለግኩና ቀጭ አድርጌ ነቀልኩት።

ሁሉም ነገር ባንዴ ቆመ። ሙቀቱም ቀስ እያለ አልሄደም፣ እጄ ላይ እያለ ጥሎት ወጣ፣ ሌላ ቃል የለኝም። እንደ ክረምት ድንጋይ ቀዘቀዘ። ትርፍ ስልኬ ሳይጮኽ አደረ፣ እኔም ሳልተኛ።

ጎህ ከቀደደ በኋላ ተስፋዬ ደወለ።

"ሰኒ፣ ማን ነገራቸው?"

"ምኑን?"

"ስንደርስ በራቸው ላይ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ተቀምጠው ነው ያገኘናቸው። ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ 'ልጄ ራሱ ነግሮኛል፣ እንዳታለቅሺ ብሎኛል፣ ግቡ' አሉን። አላለቀሱም ሰኒ። ፋሻቸው ደረቅ ነው።"

"ስልካቸውን እየው።"

"አየሁት እኮ። ማታ የገባም የወጣም ጥሪ የለም።"

እኔ መቼም ምላሽ አላጣ። አንዱ ወሬኛ ዘመድ ሹክ ብሏቸው ነው አልኩ፣ ደግሞ ሦስት ማታ የልጇን ድምፅ ያጣች እናት ማንም ሳይነግራት አታውቅም? የሰማሁትን ሳል ለጄኔሬተሩ ሰጠሁት፣ ሙቀቱን ለባትሪው። ስልኩን መልሼ ገጣጠምኩ፣ እንደ አዲስ ሠራ፣ ለሂሩት ሰጠኋት። ለእሷም ለማንም ስለዚያ ምሽት አልተናገርኩም፣ ምን ብዬ? የምስቅባቸው ሁሉ ይስቁብኝ?

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ አላወራችሁም ነበር።

ለብርሃኑ አርባ ወይዘሮ አስካለ ከደሴ መጡ። በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቄ በር ላይ አንዲት ቀጭን እናት ጥቁር ለብሰው፣ ምርኩዝ ይዘው ቆሙ።

"ሰናይት አንቺ ነሽ?"

"አዎ እማማ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ" ብዬ ወንበር ሳብኩ። ሲቀመጡ ሳሉ። ሁለት ጊዜ፣ ደረቅ ሳል። የያዝኩት መፍቻ ከእጄ ወደቀ።

"ሲሞቀው በካርቶን ያራገብሽለት አንቺ ነሽ?"

የካርቶኑን ነገር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። "ማን ነገረዎት?" አልኩ።

"እሱ ነዋ። 'ሞቆኛል እማዬ፣ ግን አንዲት ልጅ እያራገበችልኝ ነው' አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ ልልሽ ነው የመጣሁት።"

"እማማ፣ ሐዘን ነው፣ ሕልም ይሆናል..."

"ሕልም?" ብለው አዩኝ፣ ዓይናቸው ጥርት ብሏል። "'እናትህ ሲደውሉ ምን ልበላቸው' ብለሽ ስትጨነቂ እኮ መስመር ላይ ነበርኩ ልጄ። አለሁ፣ አትጨነቂ ልልሽ ነበር፣ አንቺ አትሰሚኝም።"

ያን ቃል ስናገር በሩ ገርበብ ብሏል፣ ሱቁ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም፣ እምላለሁ።

"ከዚያ ቀጭ የሚል ሰማሁ፣ እሱም ጠፋ። ምንድን ነው የቆረጥሽው?" አሉኝ። ቁጣ የለበትም፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "አልጨረሰም ነበር እኮ። 'ደግሞ አንድ ነገር እማዬ' ብሎኝ ነበር።"

ይቅርታ ልበል? በምን? አለቀስኩ ብቻ፣ እሳቸው ነበሩ የሚያባብሉኝ። ከዚያ ከጉያቸው የብርሃኑን ስልክ አውጥተው፣ በዚያው ጥቁር ከቨር እንዳለ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

"አሙቂልኝ" አሉኝ። "እንደዚያ ማታ።"

ስልክ ማጋል ከማቀዝቀዝ ይቀላል፣ እኔ ደግሞ ሰዎች እንዴት እንደሚያጋሉት ስሰድባቸው የኖርኩ ሰው ነኝ። ቻርጅ ላይ ሰካሁት፣ ካርታውን ከፈትኩ፣ ቪዲዮ እንዲቀርጽ አደረግኩ፣ ባትሪ መብራቱን አበራሁ፣ የስክሪኑን ብርሃን ጥግ ድረስ ወሰድኩ፣ ከከቨሩ ላይ በጋቢያቸው ጠቅልለን ፀሐይ የገባበት ጥግ አስቀመጥነው። ቁጭ ብለን ጠበቅን። እሳቸው በየመሀሉ እጃቸውን ጋቢው ውስጥ ይሰዳሉ፣ ያወጣሉ። በመጨረሻ እኔም እጄን ከተትኩ። እመኑኝ፣ ማንኛውም ስልክ በዚያ ሁኔታ እጅ ያቃጥላል። እሱ ግን እንደዚያ ማታ መጨረሻ ላይ እንደያዝኩት ነበር፣ እንደ ድንጋይ ቀዝቃዛ።

"አንቺ ጋ ይቆይ" አሉኝ ሲነሱ። "ሲሞቅ ደውይልኝ። ያን ጊዜ ግን እንዳትነቅዪው፣ አደራ።"

አደራ ብለውኝ እንዴት እምቢ ይባላል? ይኸው መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ጠዋት ሱቅ ስከፍት ከሁሉ በፊት እጄን የምሰደው እሱ ላይ ነው፣ ማታ ስዘጋም እንዲሁ። ደንበኛ መጥቶ "ያለ ምክንያት ይግላል" ሲለኝ አልስቅም፣ ከቨሩን አውልቅ፣ ከቻርጅ ንቀል፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጥ እላለሁ፣ ባትሪውን ንቀይልኝ ሲለኝ ግን መጀመሪያ ጆሮዬ ላይ አስጠጋዋለሁ፣ ሰው ያየኛል ብዬም አላፍርም።

ትናንት ማታ ልዘጋ ስል መሳቢያውን ሳብኩና ነካሁት፣ ለብ ብሎ አገኘሁት። የሻይ ብርጭቆ ይዤ ስለነበር የእጄ ሙቀት ይሆናል፣ ቀኑም ሲያቃጥል ነው የዋለው። መሳቢያውን ቀስ ብዬ መለስኩትና ቆልፌ ወጣሁ። ለወይዘሮ አስካለ እስካሁን አልደወልኩላቸውም።