የፈራ ሰው መስመር

ፕሮፌሰሩ አራተኛ ፎቅ ካለው መኖሪያ ቤታቸው፣ ከሥራ ክፍላቸው መስኮት ወድቀው አስፋልት ላይ የተገኙት ቀትር ላይ ነው። ጠረጴዛቸው ላይ ቀጥ ያሉ የእርሳስ መስመሮች የሞሉት ወረቀት ነበር።

«ራሱን ገደለ ይላሉ» አለች ሚስታቸው፣ የመርማሪዋን ክንድ ጭምድድ አድርጋ ይዛ። «ጠዋት ተጣልተን ነው ገበያ የወጣሁት። በእኔ ምክንያት ከሆነ ንገሪኝ፤ አለዚያ አብዳለሁ!»

መርማሪዋ እሳት የላሰች ናት፤ ለማጽናናት ግን አትቸኩልም። ያልተጣራ ማጽናኛ ውሸት ነው ባይ ናት። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ያዘችው። መስመሮቹ ያለማስመሪያ፣ በአንድ ትንፋሽ የተሰመሩ ናቸው።

«ምን ማለት ነው ይሄ?»

«የመጽሐፋቸው ሐሳብ ነዋ» አለ የድሮ ተማሪያቸው፣ ሠዓሊው። «ዓለም ያልከበደው ሰው ቅጠል፣ ወፍ፣ ፊት ይሥላል። የፈራ ሰው መስመር ያሰምራል። እኛ መልክ መሣል የተውነው ያንን አንብበን ነው፤ ዘመናዊ ሥዕል የሚባለው ግማሹ ከዚያ የተቀዳ ነው። መምህሬ ፈርተው ሞቱ፣ በቃ።»

«ጋሼ መች ፈሪ ነበር!» አለ ታናሽ ወንድማቸው፣ ሐኪሙ።

መርማሪዋ ወጥ ቤት ገባች። ከታጠቡት ብርጭቆዎች መሐል ክዳንና መምጠጫ ያለው የሕፃን ኩባያ አየች። ልጅ የሌለበት ቤት ነው። ሚስትየውን ለብቻዋ ጠራቻት።

«የእሱ ነው» አለች ሚስትየው። «እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ዓመት አለፈው። የምናውቀው እኔና ወንድሙ ብቻ ነን፤ ሰው ፊት እጁን ከኪሱ አያወጣም። አዲሱን መጽሐፍ እንኳ እሱ እየነገረኝ የምጽፈው እኔ ነኝ።»

«ምን ይላል?»

«ተሳስቻለሁ ይላል። ሠዓሊዎቹ መልክን መተው አልነበረባቸውም ይላል።»

መርማሪዋ ሦስቱንም ሰበሰበች።

«የሕንጻው ዘበኛ ዛሬ ወደዚህ ቤት ያስገባው እናንተን ብቻ ነው። እነዚህን መስመሮች የሚንቀጠቀጥ እጅ አላሰመራቸውም፤ ስለዚህ የፕሮፌሰሩ አይደሉም። ሚስትና ወንድም የእጃቸውን መንቀጥቀጥ ያውቃሉ፤ እንዲህ ያለ ወረቀት አያስቀምጡም። ያስቀመጠው መጽሐፉን በቃሉ የሚያውቅ፣ ሰውየውን ግን የማያውቅ ነው።»

ሠዓሊው ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ዛሬ ጠርተው ‹ተሳስቼ አሳሳትኩህ፣ ይቅር በለኝ› አሉኝ። ይቅርታ! በሃያ ዓመቴ እናቴን ሥዬ ነበር። መጽሐፉን ሳነብ ፊቷ ላይ መስመር ቀባሁበት። ሞተች፤ ፎቶ የላትም። መልኳን ረሳሁት እኮ! ... ገፋኋቸው።»

ሚስትየው ዞራ እንኳ አላየችውም። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ጥሎኝ አልሄደም» አለች። «ጥሎኝ አልሄደም።»

ከዚያ በኋላ ነው እሪ ያለችው።