መዶሻው ያመነው ምስል

ፍቅሬን ያገኘሁት ስልኩን በመስኮት ወርውሬ ነው። እናንተ እፈሩልኝ እንጂ እኔስ አላፈርኩም።

ያን ቀን አሥረኛ ክፍል ኬሚስትሪ እያስተማርኩ ነበር። ከጎናችን ካለው ክፍል ሳቅና ጫጫታ ግድግዳውን ሰንጥቆ ይመጣል። አንዴ ታገስኩ፣ ሁለቴ ታገስኩ፤ ሦስተኛ የለኝም። ተማሪዎቹ «አሲድ» የሚሉኝ በከንቱ አይደለም። በሩን በርግጄ ስገባ አርባ ተማሪ አርባ ስልክ ይዞ ተቀምጧል።

በትምህርት ቤታችን ስልክ ጠዋት በር ላይ ይሰበሰባል፤ ማታ ይመለሳል። ደብቆ የገባ ከተያዘ በማግስቱ ሰልፍ ላይ፣ በተማሪው ሁሉ ፊት፣ ስልኩ በመዶሻ ይደቅቃል። ሕጉን ያወጣው ታላቅ ወንድሜ ነው፣ የሥነ ሥርዓት ኃላፊው። መዶሻውን የሚያነሳውም እሱ ነው። እናት አባታችን ከሞቱ በኋላ ያሳደገኝም እሱ ነው።

ደሜ ፈላ። የመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ያገኘሁትን ስልክ መንጭቄ በመስኮት ለቀቅኩት። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነን። ሲንኮታኮት ሁላችንም ሰማነው።

«የማን ነው?» አልኩ ወገቤን ይዤ።

«የእኔ» አለ ከበስተኋላ አንድ ሰው፣ ድምፁን ሳያነሳ። አዲሱ የኮምፒውተር መምህር ነው። ግራ እጁን ኪሱ ከቷል። «ርዕሰ መምህሩ ለእኔ ክፍለ ጊዜ ስልክ ፈቅደዋል። ማስታወቂያው መምህራን ክፍል ተለጥፏል።»

«አላነበብኩትም።»

«አየሁ» አለ፣ መስኮቱን እያየ።

ልጆቹ ሊስቁ አፋቸውን ሲያሰናዱ ዞሬ አየኋቸው። ተዉት።

ማታ በር ላይ ጠብቄ «እንዴት ልካስህ?» አልኩት። ይቅርታ መጠየቅ ስለማልችልበት ድምፄ ዱላ ቀረሽ ነበር።

«አንድ ክፍለ ጊዜ ስጪኝ። ከአንቺ ተማሪዎች ጋር።»

ሰጠሁት። ተማሪዎቹ «ቻርጀር» ይሉታል፤ ባትሪ ላለቀበት ሁሉ ቻርጀሩን ስለሚያውስ። ያ ቻርጀር ክፍሌ ገብቶ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን ነገር በስልክ ከፈተና «ጠንካራ አሲድ እንዴት ይቀጥናል ብላችሁ ጠይቁት» አላቸው። ማሽኑ ቅንጣት ሳይጠራጠር «ውሃውን አሲዱ ላይ ጨምሩ» ብሎ መለሰ። እኔ ልጮህ ስል ዓመቱን ሙሉ ቃል ያልወጣት አንዲት ልጅ ብድግ አለች።

«ቲቸር፣ እንደሱ ካደረግንማ ፈልቶ ፊታችን ላይ ይረጫል። አሲዱ ነው ውሃው ላይ የሚጨመረው፣ ቀስ ተብሎ።»

«ጎሽ» አላት። «ማሽን ሲዋሽ አይንተባተብም። እውነቱንም ውሸቱንም በአንድ ድምፅ ነው የሚናገረው። መጠየቅ የእናንተ ሥራ ነው።»

ከዚያ በኋላ ልጆቹ የማሽኑን ስህተት ለመያዝ መጽሐፍ ገልጠው ይሟገቱ ጀመር። እኔ በአራት ዓመት ቁጣ ያላደረግሁትን እሱ በአንድ ሳምንት አደረገው። ቀናሁ፤ ከዚያ ደግሞ ቅናቱ ሌላ ነገር ሆነብኝ። ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ኮቴውን ስሰማ ጠመኔው ከእጄ ይወድቃል። እሱም ያየኛል፣ ከዚያ ቶሎ ብሎ ወለሉን ያያል። ሁለት ወር እንዲህ አለፈ፤ ከሁለታችንም አንዲት ቃል አልወጣም።

አንድ ከሰዓት ላቦራቶሪ ውስጥ ብርጭቆዎቹን እያጠብን ነበር። ከእጄ ያዳለጠችውን አንዷን ሊቀልብ ግራ እጁን ከኪሱ አወጣ። ትንሿ ጣቱ የለችም።

«በልጅነቴ» አለ እጁን ሊመልስ እየተጣደፈ። «የአባቴ መጋዝ ነው። ሰው ሲያያት ደስ አይለኝም።»

እጁን ያዝኩት። ውሃው ከቧንቧው ዝም ብሎ ይፈሳል፤ የዘጋው የለም። «እኔ ሰው አይደለሁም፣ አሲድ ነኝ» አልኩት። ሳቀ። የነበረው ይኸው ብቻ ነው፤ እጅ መያያዝ። ይህን ልብ በሉልኝ።

በዚያው ሳምንት ወንድሜ የአንድ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ስልክ ሰልፍ ላይ አደቀቀ። የልጁ የሟች እናት ድምፅ እዚያ ውስጥ ነበር አሉ። ልጁ ሲያለቅስ ወንድሜ አልራራም። «ስልክ ውሸታም ነው! ከስልክ ጋር የዋለ ውሸታም ይሆናል!» እያለ ብረቱን አወረደው። ልጁ ደሙ እስኪመጣ ከንፈሩን ነክሶ ወደ ሰልፉ ተመለሰ።

ልጁ ወንድሜን በእህቱ በኩል እንዴት እንደተበቀለው ልንገራችሁ። በጓደኛው ስልክ የእኔንና የቻርጀርን ፎቶ ከትምህርት ቤቱ ገጽ አውርዶ ለማሽን ሰጠው። ማሽኑም ላቦራቶሪ ውስጥ ተቃቅፈን ስንሳሳም አድርጎ ሠራው። ማታ ስልክ ሲመለስ ምስሉ ከእጅ እጅ ዞረ። ጠዋት ወንድሜ ጋ ደረሰ።

እኔና ቻርጀር ላቦራቶሪው ውስጥ ለሙከራ ስንዘጋጅ በሩ በእርግጫ ተከፈተ። ወንድሜ ከሰልፍ መምጣቱ ነው፤ መዶሻው በእጁ ነው። ዓይኑ ደም ለብሷል።

«ጋሼ፣ ምን ሆነሃል?»

እኔን አላየኝም። ቻርጀርን በኮሌታው አንቆ በቡጢ አፍንጫው ላይ አሳረፈበት። ደሙ ነጩ ጋዋን ላይ ፈሰሰ። ደገመው። ከቁም ሳጥኑ ጋር አላተመው፤ መስታወቱ ረገፈ፣ ብልቃጦቹ ወለሉ ላይ ተከሰከሱ። ቻርጀር እጁን ለመምታት አላነሳም። «ያድምጡኝ» ብቻ ይላል፣ ደም እየተፋ። ሊወድቅ ሲል በቀኝ እጁ ጠረጴዛውን ተደገፈ። ወንድሜ መዶሻውን አነሳ።

አጥንት ሲሰበር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አትስሙ።

በርጩማ አነሳሁ። ያሳደገኝን፣ ያበላኝን፣ ያስተማረኝን ወንድሜን ባለ በሌለ ኃይሌ ጀርባው ላይ አሳረፍኩበት። በጉልበቱ ወደቀ። ስልኩ ከኪሱ ወጥቶ ስብርባሪው ላይ ተንሸራተተ። ሲከፈት ያ ምስል ወጣ። ያኔ ነው እኔም ያየሁት።

ምስሉ ላይ የቻርጀር ግራ እጅ ወገቤን ይዟል። ስልኩን አንስቼ የወንድሜ ፊት ላይ ደቀንኩት።

«ቁጠር!»

«ምኑን?»

«ጣቱን ቁጠር፣ ጋሼ!»

የቻርጀርን ግራ እጅ አንስቼ ከምስሉ አጠገብ አደረግሁት። ማሽኑ ጣቶቹን አሟልቶለታል፤ አምስት። ሥጋና ደም ያለው እጅ ላይ አራት ናቸው። ወንድሜ ሁለት ጊዜ ቆጠረ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሃያ ዓመት አንድ ቤት ኖረናል» አልኩት። እያለቀስኩ ነበር፣ ከንዴት። «ስልክ ውሸታም ነው እያልክ የስንቱን ልጅ ስልክ ሰበርክ? እኔን አንዲት ቃል ሳትጠይቅ ስልክ አመንክ።»

መዶሻውን አስቀመጠ። ቻርጀርን በጀርባው አዝሎ እስከ ክሊኒኩ የወሰደውም እሱ ነው።

የቻርጀር ቀኝ እጅ ሦስት ቦታ ተሰብሯል። ርዕሰ መምህሩ በሁለተኛው ቀን ጠሩን። ወንድሜ ሰልፍ ላይ ይቅርታ ይጠይቅ፤ ከኃላፊነቱም ይነሳ። ምስሉን እንደሠራ ያመነው ልጅ ከወላጅ ጋር ይቅረብ። «ስለ ሁለታችሁ ደግሞ ወላጆች እየደወሉ ነው» አሉኝ። «አንቺ በሰልፉ ላይ በመካከላችን ምንም የለም ብለሽ ትናገሪያለሽ። ካልሆነ አንዳችሁ ትለቃላችሁ።»

ቻርጀር አዲስ ስለሆነ የሚለቀው እሱ እንደሆነ ገባኝ። «በይውና ነገሩ ይብቃ» አለኝ ኮሪደሩ ላይ፣ ክንዱ በጄሶ ተጠቅልሎ። «ሥራችን ይቀጥላል። ሌላውን በሆዳችን እንይዘዋለን።»

«በሆዴ መያዝ አልችልበትም።»

«እሱንማ ስልኬም ያውቃል።»

በማግስቱ ዘጠኝ መቶ ተማሪ ተሰለፈ። ወንድሜ ባዶ እጁን መድረክ ላይ ወጣ። «የሰው እጅ የሰበርኩት ሳልጠይቅ ነው» አለ። «የእናንተንም ስልክ የሰበርኩት ሳልጠይቅ ነው። የእናቱን ድምፅ የሰበርኩበት ልጅ ይቅር ይበለኝ።» ከመድረኩ ወረደ። ያ ልጅ ሰልፉ ውስጥ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ተራዬ ደረሰ። ማይኩን ያዝኩ።

«ምስሉ ውሸት ነው» አልኩ። «ማንም አልሳመኝም። ማሽን ነው የሠራው።» ርዕሰ መምህሩ አንገታቸውን በእሺታ ነቀነቁ። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ቻርጀርን አየሁት፤ እንደ ልማዱ መሬት መሬቱን ያያል። «አሁን ደግሞ በመካከላችን ምንም የለም እንድል ታዝዣለሁ። እሱን ካልኩ የማሽኑን ሥራ እኔ በአፌ መሥራቴ ነው። እወደዋለሁ። እሱ ይውደደኝ አይውደደኝ ጠይቄው አላውቅም።»

ቻርጀር ቀና አለ። «ይወድሻል» አለ ያለ ማይክ፣ ግን እስከ አጥሩ ድረስ ተሰማ።

ጩኸቱን ልነግራችሁ አልችልም። ርዕሰ መምህሩ ሊያረጋጉ ቢሞክሩ ማን ይስማቸው። በጫጫታው መሃል ወንድሜ ወደ ቻርጀር ሲራመድ አየሁት። ፊት ለፊቱ ቆመ።

«ለቅቀህ አትሄድም፤ እኔ ለርዕሰ መምህሩ እናገራለሁ» አለው። «ቀኝህ እስኪድን ሰሌዳው ላይ ማን ይጽፍልሃል?»

«ማንም።»

«እኔ እጽፋለሁ።»

እውነትም መጣ። ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ ያ የሥነ ሥርዓት ኃላፊ የነበረው ሰው በጠላው ትምህርት ክፍል ቆሞ፣ ያዘዙትን እየጻፈ፣ ልብሱ በጠመኔ ነጥቶ ዋለ። በመጨረሻው ቀን ተማሪዎቹ ሲወጡ እኔ በሩ ላይ ደረስኩ።

«ሌላ የሚጻፍ አለ?» አለ ወንድሜ።

«አንድ አለ» አለ ቻርጀር። «ከተፈቀደልኝ።»

«በል።»

«እህትዎን ማግባት እፈልጋለሁ።»

ወንድሜ ሰሌዳው ላይ እንደተደገፈ ቀረ። ጠመኔው እጁ ውስጥ ቀጭ ብሎ ለሁለት ተሰበረ።

«እኔንስ ማን ጠየቀኝ?» አልኩ ከበሩ።

«አንቺማ ዘጠኝ መቶ ሰው ፊት መልሰሻል» አለኝ ቻርጀር።

ወንድሜ አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ስባሪውን ከወለሉ አነሳ። ከዚያ ዓይኑን እየጠረገ የተባለውን ሰሌዳው ላይ በትልልቁ ጻፈው።