የቡላ እግር

ሱሉልታ ውስጥ ሰው ሲሞት ቀድሞ የሚደርሰው ድንኳን ነው። ጥሩንባ ይነፋል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ሟቹን በሕይወት እያለ ሰላም የማይለው ሁሉ ፊቱን አጨማዶ ይሰበሰባል። ኦቦ ጋሮማ ሞተው የተገኙ ዕለት ግን ፖሊስ መጣ፣ የከተማው ሠራተኞች መጡ፣ ድንኳን አልመጣም። ከእድር ተባረው የለ! ላልከፈለና ለተባረረ ሰው ማን ድንኳን ይተክላል?

ኢንስፔክተር ያለምወርቅ ስትደርስ ሬሳው ጓሮ፣ ከውሃ ገንዳው አጠገብ፣ ዝናብ በማይደርስበት የቆርቆሮ ክዳን ሥር በጀርባው ተንጋልሎ ነበር። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል፤ ደሙ የገንዳው የድንጋይ ጠርዝ ላይ ደርቋል። ካፖርቱ ደረት ላይ የአንድ ትልቅ ውሻ መዳፍ በጥቁር ጭቃ ታትሟል።

«ይሄ ምርመራም አያስፈልገው» አለ ከከተማው ሠራተኞች አንዱ። በያዘው ጥቁር ፌስታል ውስጥ መርዝ የተለወሰ ሥጋ አለ። «ውሾቹ ናቸው ገፍትረው የገደሏቸው። እንዲወገዱ ተፈርሟል፤ ዛሬ ከሰዓት እንጨርሳለን።»

«ማን ጠየቀህ?» አለችው ያለምወርቅ ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ካለችበት ቀና ሳትል። «ሥጋህን ይዘህ ውጭ ጠብቅ።»

ያለምወርቅ አጭር ሴት ናት፤ ምላሷ ግን ቁመቷን ያካክሳል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ ስለዚህ የብቸኛ ሰው ቤት ምን እንደሚመስል ማንም አይነግራትም። አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ፣ ማንም የማይቀመጥበት ሶፋ። የኦቦ ጋሮማ ቤት ግን እንዲህ አልነበረም።

መቼም ቤቱ ጉድ ነው! ሰውዬው ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው ሚስታቸው ስትሞትባቸው ሁለት ውሻ ገዙ፣ ከዚያም ቤቱን ለውሾቹ ብለው አፍርሰው ሠሩት። አሮጌው ውሻ ዳሌውን ስለሚያመው የጓሮውን ደረጃ አስነስተው በሲሚንቶ ተዳፋት አደረጉት። ነጩ ሴራሚክ እንዳያንሸራትታቸው ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ዘረጉበት። ጎንበስ ሲሉ አንገታቸውን እንዳያማቸው ምግባቸው ከፍ ባለ ብረት ላይ ነው የሚቀርበው። መስኮቱ እንኳ ተኝተው ውጭ እንዲያዩ ወደ ታች ወርዷል። ጎረቤቱ «ለእኛ እንኳ እንዲህ ያለ ቤት ማን ሠራልን!» እያለ ሲያማ ከረመ።

በጓሮው ግማሽ በር ላይ ተደግፈው የሚያለቅሱት እትዬ ተረፈች ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት እየመጡ ቤቱን የሚያጸዱ ሴትዮ። ሬሳውን ያገኙትም እሳቸው ናቸው። ከበሩ ወዲያ ሁለቱ ውሾች፣ ቢጫው አሮጌ ቡላና ጥጃ የሚያክለው ግራጫው ዳመና እጃቸውን ይልሳሉ።

«በማርያም ይዤዎታለሁ፣ አያስገድሏቸው» አሉ ተረፈች። «እሳቸው ማለት እኮ ለእነዚህ ነፍሳቸው ናቸው።»

«ሲመጡ የት ነበሩ ውሾቹ?»

«እዚሁ ውስጥ። በሩ ከውጭ ተቀርቅሮ።»

«ወለሉን አጽድተዋል?»

«ምኑን አጽድቼ! እሳቸውን ሳይ ጮህኩ፣ ይኸው እስካሁን መጥረጊያ አልነካሁም።»

ያለምወርቅ ገብታ ወለሉን አየች። ሌሊቱን የክረምት ዝናብ ሲወርድ አድሯል፤ ጓሮው የሱሉልታ ጥቁር ጭቃ ነው፣ ጫማ የሚነቅል። ወለሉ ላይ ግን አንድ የጭቃ ጠብታ የለም። ተንበርክካ የቡላን እግር አነሳች። ንጹህ ነው። የኋላ ቀኙን ስታነሳ ውሻው አቃሰተ፣ ቀስ ብላ አስቀመጠችለት። ከጣቶቹ መሃል አንዲት ቀጭን የድርቆሽ ሰበዝ መዘዘችና በወረቀት ጠቀለለቻት።

«ጭቃ ይዘው አይገቡም እንዴ?»

«ሞተው ነው! እግራቸው ካልታጠበ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ እንጂ ውስጥ አይረግጡም። እንደዚያ አስለምደዋቸዋል። ገንዳው እኮ ለዚህ ነው የተሠራው።»

«በምን ነው የምታደርቋቸው?»

«በፎጣ ነዋ። ያው ኮሪደሩ ላይ።»

ያለምወርቅ ፎጣውን ነካችው። ቋንጣ ሆኗል። በዚህ ብርድ ማታ የረጠበ ፎጣ ለጠዋት እንደማይደርቅ የልብስ ገመድ ያላት ሴት ሁሉ ታውቃለች። ወደ ጓሮው ወጣች፤ ከገንዳው አጠገብ ያለውን ረጅም አግዳሚ ወንበርም አየችው። እንጨቱ በሁለት በኩል ለስልሷል፣ ሁለት ሰው ዘወትር እንደተቀመጠበት።

ከፊት ለፊት፣ በመንገዱ በኩል፣ የኦቦ ጋሮማን አንዷን ክፍል ተከራይቶ ሱቅ የከፈተው ዲኖ ነው። ሬሳው ወደ ሆስፒታል ሲሄድ ቆሞ ሸኝቶ፣ ተመልሶ ሚዛኑን ይወለውላል።

«ጓሮ ገብተህ ታውቃለህ?»

«እኔ? ውሻ ከላሰኝ እኮ ሰባት ጊዜ መታጠብ አለብኝ፣ ኢንስፔክተር። እሳቸውም ያውቃሉ፤ የቤት ኪራይ እንኳ እዚሁ መጥተው ነው የሚቀበሉኝ። ጥሩ ሰው ነበሩ፣ አላህ ይማራቸው።»

«እትዬ ተረፈች ቤቱን ሊሸጡ ነበር አሉኝ፤ ስትሰማ ምን አልክ?»

ዲኖ ሚዛኑን ተወው። «ሰምተሻል እንዴ… ሰምተዋል እንዴ? ከፋኝ፣ አልዋሽም። ሱቄ እኮ ነው። ግን እንዲህ ብቻቸውን ከሚሆኑ ልጃቸው ጋ ይሂዱ ብዬ ዱዓ አድርጌላቸዋለሁ።» ትንሽ አሰበና ጨመረ፣ «ብቻ አንድ ነገር ገርሞኝ ያውቃል። ማታ ማታ ሁለት ዳቦ ይገዛሉ። ለውሾቹ ነው ወይ ስላቸው ይስቁና ‹ለእንግዳዬ› ይሉኛል። በሩ ደግሞ ይኸው ዓይኔ ሥር ነው። እንግዳ የሚባል ሲገባ አይቼ አላውቅም።»

ያለምወርቅ ወደ ጓሮው ተመለሰች። የቆርቆሮ አጥሩን በእጇ እየዳሰሰች ሄደች። አንዱ ቆርቆሮ ምስማር የለውም፤ ጠርዙ በእጅ ብዛት ጠርቷል። ገለጥ ስታደርገው ከወዲያ በኩል ትልቅ የድርቆሽ ክምር ጋርዶታል። መልሳ ዘጋችው።

ሮዛ፣ የሟቹ አንድ ልጅ፣ ከኮዬ ፈጬ አውቶቡስ እየቀያየረች የደረሰችው ረፈድ ሲል ነው። ድንኳን ስታጣ የተሳሳተ ግቢ የገባች መስሏት ወደ ኋላ ተመለሰች። ተረፈች ሄደው አቅፈው አመጧት።

«መጨረሻ የመጣሽው መቼ ነው?» አለቻት ያለምወርቅ።

«ለፋሲካ።» ሮዛ ዓይኗን ጠረገች። «ስደውልለት ሁልጊዜ ‹ብቻዬን አይደለሁም› ይለኛል። ውሾቹን ማለቱ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ራሱ ደወለና ‹እሺ፣ እመጣለሁ፣ እዚህ ሰው የለኝም› አለኝ። ደስ አለኝ። ግን አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፤ እነዚህን የት ላድርጋቸው? የሚወስዳቸው ጠፋ። ዛሬ ጠዋት የእንስሳት ሐኪም መጥቶ መርፌ ወግቶ ሊያስወግዳቸው ነበር። እኔ ነኝ ሐኪሙን የፈለግሁት።»

«የመርፌውን ነገር ማን ያውቃል?»

«እኔና እሱ ብቻ።»

ከአጥሩ ወዲያ የሚኖሩት ኦቦ ባይሳ ናቸው፤ የወተት ላሞች ያሏቸው፣ የሰፈሩ የእድር ዳኛ። ኦቦ ጋሮማ ከእድር ሲባረሩ «ውሻና ሰው አንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩበት ቤት ለቀስተኛ አይገባም» የሚለውን ውሳኔ ቆመው ያነበቡት እሳቸው ናቸው። ያለምወርቅ በአጥሩ ሳይሆን በዋናው በር ዞራ ገባች። ከበረቱ ሥር ተቀምጠው ገና የተወለደ ጥጃ በድርቆሽ እያሹ ያደርቃሉ።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ፣ ኦቦ ባይሳ?»

«ነጋ፣ ገለተ ዋቃ፣ እግዜር ይመስገን። ቁጭ በይ፣ ልጄ።»

«ማታ ጩኸት ሰምተዋል?»

«ዝናብ ነበር። በዝናብ ምን ይሰማል?»

«ጋሮማ ግቢ ገብተው ያውቃሉ?»

«የእድር ዳኛ ነኝ፣ ሕግ ያወጣሁ ነኝ። እንዴት ብዬ?» ጥጃውን እያሹ ቆዩ። ሁሉ ቦታ ደርቆ ካበቃ በኋላም ማሸታቸውን አልተዉም። «ውሾቹ… እውነት ዛሬ ነው የሚገድሏቸው?»

«ከሰዓት ይላሉ። ምን አሳሰበዎት?»

«ምንም» አሉ ኦቦ ባይሳ። «ምሳ በልተው እንደሆነ ብዬ ነው።»

ያለምወርቅ ያቺን መልስ በልቧ ይዛ ወጣች።

ከሰዓት ሁሉንም ጓሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሮዛና ተረፈች አግዳሚው አጠገብ ቆሙ፤ ዲኖ ከውሾቹ ርቆ ግድግዳውን ተጠጋ። ኦቦ ባይሳና ሦስት የእድር ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው መጡ። የከተማው ሠራተኛ ፌስታሉን እንደያዘ በሩ ላይ ሆኖ ሰዓቱን ያያል።

«ሬሳው ደረት ላይ የጭቃ መዳፍ አለ» ብላ ጀመረች ያለምወርቅ። «ስለዚህ ሰውዬው ሲወድቁ ውሾቹ ውጭ ነበሩ፣ እግራቸውም ጭቃ ነበር። ጠዋት ግን ውስጥ ተገኙ፤ እግራቸው ንጹህ፣ በሩ ከውጭ የተቀረቀረ። እንግዲህ ሰው ገድሎ፣ እግሩን ታጥቦ፣ ከኋላው በሩን ቀርቅሮ የሚገባ ውሻ ያየ አለ?»

ዲኖ ሳያስበው ሳቅ አመለጠውና አፉን ያዘ።

«ሰው ነበር እዚህ። ጋሮማ ከሞቱ በኋላ የውሾቹን እግር ያጠበ ሰው። ማነው? እትዬ ተረፈች ቢሆኑ በፎጣው ያደርቁ ነበር፤ ፎጣው ግን ደረቅ ነው። ዲኖ ውሻ አይነካም። ሮዛን ውሾቹ አልለመዷትም፤ ይህን ሥርዓትም ከናካቴው አታውቀውም።»

ሮዛ አንገቷን ደፋች፤ እውነት ነው፣ አታውቀውም።

«ሰውዬው ፎጣው የት እንደሆነ አያውቅም፤ ምክንያቱም ከዚህ አግዳሚ አልፎ ቤት ገብቶ አያውቅም። እዚሁ ይቀመጣል፣ ዳቦ ይበላል፣ በመጣበት ይመለሳል። በፊት በር ቢሆን ዲኖ ያየዋል። በአጥሩ ነው የሚመጣው፣ በዚያ በጠራው ቆርቆሮ። ማድረቂያ ሲያጣ እጁ የለመደውን ፈለገ።» ወረቀቱን ዘርግታ ሰበዟን አሳየች። «ድርቆሽ። በዚህ ግቢ ከብት የለም፣ ድርቆሽም የለም። እርጥብ እንስሳ በድርቆሽ ማድረቅ የላም ሰው ልማድ ነው። ዛሬ ጠዋትም አይቼዋለሁ።»

ማንም ወደ ኦቦ ባይሳ አልዞረም። ሁሉም መሬት መሬቱን አዩ።

«ጋሮማ ቢሄዱ ሁሉም የሚያጣው ነገር ነበረው» አለች። «ዲኖ ሱቁን፣ እትዬ ተረፈች እንጀራቸውን። ምንም የማያጣ የሚመስለው አንድ ሰው ነው። ለእኔ ግን ከሁሉ የበለጠ ያጣው እሱ ነው።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አልዋሻችሁም፤ ድርቆሽ ያለው ቤት ሱሉልታ ሞልቷል። ይህች ሰበዝ በሰው አታስፈርድም። ዝም ያለ ወደ ቤቱ ይሄዳል።»

«እንግዲያስ እኛ ትእዛዛችንን እንፈጽም» አለ የከተማው ሠራተኛ። «የተፈረመው ውሻ ገደለ ተብሎ ነው። እኔ ገደልኩ የሚል ሰው ካልመጣ ወረቀቱ አይሻርም።» ፌስታሉን ፈታ። ዳመና ሥጋ ሸተተውና ጭራውን ወዘወዘ።

«ተው!» አሉ ኦቦ ባይሳ።

ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወረደ፣ አላነሱትም።

«እኔ ነኝ። ውሾቹ ምንም አላደረጉም፤ ቡላ ደረቱን የነካው ሊቀሰቅሰው ብሎ ነው።»

«ባይሳ፣ ምን ትላለህ!» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«የምለውን ስሙኝ። ሚስቴ ከሞተች ጀምሮ ማታ ማታ እዚህ ነኝ። ቀን እናንተ ፊት አልፌው እሄዳለሁ፤ ማታ ዳቦውን እበላለሁ። አንድ ቀን ተቀይሞኝ አያውቅም። ትናንት ግን ልሄድ ነው አለኝ። ውሾቹስ ስለው፣ ‹ነገ ይሞታሉ› አለኝ። ‹ወይ አንተ ውሰዳቸው፣ ወይ ደግሞ አንድ ቀን ሰው ፊት ወዳጄ ነው በለኝና ልቅር› አለኝ። ሰው ምን ይለኛል አልኩት። እኔ የእድር ዳኛ! ፊቱን አዞረብኝ። ክንዱን ያዝኩ፣ ተመናጨቀኝ፣ ገፋሁት። ተዳፋቱ ርጥብ ነበር።»

«እግራቸውን ለምን አጠቡ?» አለች ያለምወርቅ። ይህን ብቻ አታውቀውም ነበር።

«ትቻቸው ልሂድ? ዝናብ ላይ፣ በሩ ሥር ቆመው ያዩኛል። ካልታጠቡ አይገቡም። የዳመናን እሱ፣ የቡላን እኔ ነበር የምናጥበው። ትናንት ሁለቱንም አጠብኩ።»

ሮዛ አፏን በእጇ ከድና አለቀሰች። የከተማው ሠራተኛ ፌስታሉን ቋጠረና ወጣ።

ኦቦ ባይሳ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ጥሩንባ ይነፋ። ድንኳኑም ይምጣ።»

«አባል አይደለም እኮ…»

«ወዳጄ ነው የሞተው!» አሉ፣ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እስኪሰማ። «እስክትሽሩኝ ድረስ ዳኛችሁ ነኝ፤ ድንኳኑን አምጡ።»

ተረፈች ግማሽ በሩን ከፈቱ። ውሾቹ በተዳፋቱ ወርደው ጭቃውን እያሸተቱ ገንዳው ሥር ደረሱ፣ ሰውዬው የወደቁበትን ቦታ ረጅም ጊዜ አሸተቱት። ከዚያ ተመልሰው ወጡና ደፉ ላይ ቆሙ። አልገቡም።

«ኢንስፔክተር» አሉ ኦቦ ባይሳ፣ «ይሄን ብቻ።»

ያለምወርቅ ካቴናውን ወደ ኪሷ መለሰችው።

ኦቦ ባይሳ አግዳሚው ላይ በለመዱት በኩል ተቀመጡ፣ በቀን ሲቀመጡበት የመጀመሪያቸው ነው። ቡላ ሳይጠራ መጥቶ እግሩን ሰጣቸው። ሮዛ ፎጣውን ከኮሪደሩ አምጥታ ትንሽ አመነታችና በአባቷ በኩል ተቀመጠች።

«ነይ፣ ልጄ፣ ከእንግዲህ አንቺ ነሽ» አሏት። «የኋላ ቀኙን ቀስ ብለሽ ያዢው። ያመዋል።»

በመንገዱ በኩል የድንኳኑ ብረቶች እየተጋጩ ሲወርዱ ይሰማል፤ ዲኖ ሱቁን ዘግቶ ሊያግዝ ወጣ።