ያልተነከረ ቃጫ

ክሩ የክብሪቱ እሳት ሲነካው ተኮማትሮ ጥቁር ጠብታ ሆነ። ድምቢጥ ጣቷን ሊያቃጥላት ሲል ጣለችው። ቃጫ ቢሆን ኖሮ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆን ነበር። ይሄ ግን ቀለጠ፤ ሽታውም የተቃጠለ ፌስታል ሽታ ነው።

ክሩን የመዘዘችው ከተሰበረው የሙከራ ጡብ ውስጥ ነበር። ጡቡን እሷና ጓደኛዋ ከኖራና ከሸክላ አፈር ነው የሠሩት፤ ሲሚንቶ የሚባል አልነካውም። እንዳይሰነጠቅ አቅፎ የሚይዘው ውስጡ የተበተነው ቃጫ ነው ብለው ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ውድድር ባዘጋጁት ሰሌዳ ላይ «ከተክል ብቻ» ሲሉ በትልቁ ጽፈዋል። አሁን ከምሳ በኋላ ደግሞ የዚሁ ጡብ መንትያ ዳኞች ፊት ክብደት ሊጫንበት ነው።

ድምቢጥ ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ መስኮቱ ጋ ደርሳ ተመለሰች።

«ምን ሆነሻል? ጉንዳን ወረረሽ እንዴ?» አለቻት ጓደኛዋ ወደ ወርክሾፑ እየገባች። ክፍሉን በሙሉ ስለምታዝ ሁሉም «አለቃ» ነው የሚላት፤ በስሟ የሚጠራት እናቷ ብቻ ናት።

«ይሄ ናይለን ነው።»

አለቃ በሩን ቶሎ ዘጋችው። «ቀስ በይ! የማዳበሪያ ከረጢት ተርትሬ ነው። እና ምን ይጠበስ?»

«ዋሸሽኝ! ቃጫ ስቆርጥ ጣቴ ተልጦ...»

«ያንቺ ቃጫማ ይኸውልሽ።» አለቃ ከጠረጴዛው ስር ሌላ ጡብ ጎትታ አወጣች። ጠርዙ ገና ሲነካ ይፈረፈራል። «ሳትነክሪ ደረቁን ነው የጨመርሽው። የጭቃውን ውሃ ሁሉ መጠጠው! እንደገና እንዳልሠራ ቃጫው አልቋል። እንዲስቁብሽ አልፈለግኩም፣ አንቺ ቂል!»

ድምቢጥ የሚፈረፈረውን ጠርዝ በጣቷ ነካችው። መንከሩ የሷ ሥራ ነበር። ያን ቀን ወደ ቤት ቸኩላ፣ «ነከርሽው?» ስትባል «አዎ» ብላ ነበር የሮጠችው። ንዴቷ ወደ ራሷ ዞረ፤ ፊቷ በሃፍረት ጋለ። ደግሞስ ማን ሊያውቅ ነው? ዳኛ ክብሪት ይዞ አይመጣ።

በሩ ተከፈተ። የፊዚክስ መምህሩ የብረት ክብደቶቹን በጋሪ እየገፉ ገቡ፤ ዳኞቹም ተከተሏቸው።

«እሺ ልጆች፣ የትኛው ነው ጡባችሁ?»

አለቃ ናይለን ወዳለበት መንትያ ጡብ በዓይኗ እያመለከተች በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። ድምቢጥ ጎንበስ ብላ የሚፈረፈረውን አነሳች።

«ይሄኛው፣ ቲቸር» አለች። «ብዙ አይሸከምም። ቃጫውን ሳልነክር የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

«አበድሽ?» አለቻት አለቃ በሹክሹክታ።

ድምቢጥ ስለ ናይለኑ ትንፍሽ አላለችም። ጡቡን ጠረጴዛው መሃል አስተካክላ አስቀመጠችና ለክብደቱ ቦታ ለቀቀች።